ጊታሩን እየዘለሉ

ይማርሽ ሰው ስትንቅ አታዳላም። ቱሪስቱን ትንቃለች፣ ቱሪስቱን ይዞ ከቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን የሚያንከራትተውንም ትንቃለች። ካድሬውን ትንቃለች፣ ካድሬው ባለፈ ቁጥር ከመቀመጫው ብድግ የሚለውን ደግሞ ይበልጥ ትንቃለች። ከላሊበላ ገበያ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር ያለችው ጠጅ ቤቷ ደንበኛ አጥታ የማታውቀው ጠጇ ጥሩ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሰዉ ስድቧን ለምዶታል፤ መጥቶ ሳይሰደብ የወጣ ቀን «ምን አስቀየምኳት?» እያለ ሲብሰለሰል ይሰነብታል።

ከዚህ ንቀት በከፊልም ቢሆን የሚያመልጥ አንድ ሰው ነበር፤ ታናሽ ወንድሟ ደባሱ። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ አዝለው ያሳደጉትን ሰው ሙሉ በሙሉ መናቅ ደግሞ ያስቸግራል። ደባሱ አድጎ፣ ሸጌን አግብቶ፣ ብልባላ ላይ ገብስና ባቄላ የሚያርስ ገበሬ ሆኗል። ቅዳሜ ቅዳሜ አህያውን ነድቶ ገበያ ይመጣል፣ ያመጣውን ሸጦ እህቱ ቤት ይገባል፣ ጥጉን ይይዛል። ሁለተኛው ብርሌ ሲጋመስ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ያኔ ቤቱ ሁሉ ጸጥ ይላል፤ ደባሱ ግጥም ሊሰጥ ነውና።

ግጥም መስጠት በዚያ አገር የቆየ ነገር ነው። አዝማሪው ዘፍኖ ዘፍኖ ቃሉን ያቆምና ማሲንቆውን ብቻ ያስጮኻል፤ «ስጡኝ፣ እየጠበቅሁ ነው» ማለቱ ነው። ከጠጪዎቹ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ሁለት ስንኝ ይወረውርለታል፤ አዝማሪው ያችኑ ተቀብሎ በዜማ ይመልሳታል። ግጥሟ ሰው ነክታ ጠብ ቢነሳ የሚጠየቀው ሰጪው ነው። አዝማሪው ተቀባይ ነው፣ ተቀባይ ደግሞ አይከሰስም፤ ይህን በላስታ የማያውቅ የለም።

ደባሱ ከሰጪዎች ሁሉ የላቀ ነው። ሌላ ሰው ይህን እስኪናገርለት አይጠብቅም፣ ራሱ ይናገረዋል። ትሕትና የሚባል ነገር በደጁ አልፎ አያውቅም። ጥሩ አድርጎ ቤት ከመታ በኋላ ዓይኑን እያዞረ ያልሳቀውን ሰው ይፈልጋል፤ ካገኘም ለእሱ ብሎ ይደግማታል። ይማርሽ «ኧረ በቃህ፣ ሰምተውሃል!» ትለዋለች። እሱ ግን እንዳልበቃው ታውቃለች፤ ግማሽ ሌሊት እየተነሳ ጠጪውን ቢቀሰቅስ ደስ የሚለው ሰው ነው።

ዮኒ ጊታሩን ይዞ ወደዚህ ቤት የመጣው በዘጠና ዘጠኝ ዓ.ም.፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። ዮኒ የዚያው የላሊበላ ልጅ ነው። አስጎብኚ ነበር፤ አንዲት ፈረንሳዊት ኤሌክትሪክ ጊታር ላከችለት፣ ከዚያ ወዲያ ለሥራ አልሆነም። አዲስ አበባ ሄዶ፣ ከርሞ፣ ፀጉሩን አሳድጎ ተመለሰ። ሮክ ነው የምጫወተው ይላል። ሮክ ማለት፣ ይማርሽ እንደተረዳችው፣ ምኑንም ያላመመው ሰው ጥርሱን እንደታመመ ሆኖ የሚጮህበት ዘፈን ነው። «በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ማግስት አዲስ አበባ ነበርኩ፣ ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ» እያለ ለፈረንጆቹ ያወራል። እርግጥ ነው፣ ነበር። አክስቱ ቤት በሩን ዘግቶ አልጋ ሥር ነበር፤ ይህን ያወራችው ራሷ አክስቱ ናት።

አልበሙ ገና ሳይቀዳ ስም ነበረው፤ «የጋራው ጩኸት»።

«እትዬ ይማርሽ፣ ቤትዎ ውስጥ እንድንቀዳ ይፍቀዱልን» አላት። «ስቱዲዮ የሞተ ነገር ነው። እኔ የምፈልገው የሕዝብ ድምፅ ያለበት ቦታ ነው።»

«ሕዝብ እዚህ የለም። ጠጪ ነው ያለው።»

«እሱም ሕዝብ ነው እኮ።»

«እስቲ አንዱን ዘፈንህን አሰማኝ።»

ዮኒ ዓይኑን ጨፍኖ ስለ ሰንሰለትና ስለ ጨለማ ዘፈነላት። ረጅም ነበር። ይማርሽ ብርሌዎቿን አጥባ ጨረሰች፣ እሱ ግን ገና ከጨለማው አልወጣም።

«የቱን ሰንሰለት ነው?» አለችው ሲጨርስ። «ሰንሰለት የት አየህ? የእናትህ ውሻ እንኳ የታሰረችው በገመድ ነው።»

ቢሆንም ፈቀደችለት። ሰው ሲጠይቃት ጠጁ ይሸጥልኛል ብዬ ነው ትላለች፤ እውነቱ ግን የቤቷ ስም ካሴቱ ላይ ይጻፋል ስላላት ነው። ሁሉን የምትንቅ ሴት በዚህች ተያዘች።

የቀረጻው ቀን ቅዳሜ ነበር፣ ቤቱ በገበያተኛ ተሞልቶ። ከደሴ የመጣ ንጋት የሚባል ከበሮ መቺ፣ ስሙን ማንም ያልጠየቀው ሁለተኛ ጊታረኛ፣ ጠረጴዛ ላይ አንድ ላፕቶፕ፣ ከጣራው ወራጅ ላይ የተንጠለጠሉ ማይክሮፎኖች። መጀመሪያ ጊታሩ ሲጮህ ደጅ የታሰሩት አህዮች ገመዳቸውን በጥሰው ተበተኑ፤ ባለቤቶቻቸው እስኪሰበስቧቸው ቀረጻው ቆመ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ አንድ ሽማግሌ ከብልባላ መንገድ እንደመጡ ተቀምጠው በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ «ይኼ ልጅ ምን ሆነብኝ ነው የሚለው?» ብለው ጠየቁ።

በሦስተኛው ዘፈን መሐል ዮኒ ቃሉን አቆመ፣ ወደ ኋላ ተለጠጠና ጊታሩን ብቻውን ያስጮኸው ጀመር። በሮክ አገር ይህ ትልቅ ቦታ ነው አሉ፤ ጊታረኛው ችሎታውን የሚያሳይበት፣ ሰሚውም አፉን ከፍቶ የሚደነቅበት። ላስታ ውስጥ ግን ቃሉን አቁሞ መሣሪያውን ብቻ የሚያስጮህ ዘፋኝ ግጥም እየለመነ ነው። ጠጪዎቹ ተያዩ። ልጁ ቆሞ ይለምናል፣ ይለምናል፣ የሚሰጠው ሰው ጠፋ። ለቤቱም ያሳፍራል። ደባሱ ብርሌውን አስቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ተቀበል!» አለ።

«ስብሰባ ላይ ውለን ጭብጨባ ስንዘራ፣
የእኛ ማሳ አረም፣ የነሱ ሆድ ጋራ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ዮኒም ፀጉሩን ቢያሳድግም የላሊበላ ልጅ ነውና ምላሱ ቀድሞት ተቀበለ፤ ያችኑ ስንኝ በዚያ በሚቧጥጥ ድምፁ ደጋግሞ ጮኸባት። ንጋትም ለመጀመሪያ ጊዜ ከበሮውን እንደ ደንቡ መታው። ደባሱ ዓይኑን አዙሮ ያልሳቀ ሰው ፈለገ፣ አጣ፣ ግን ለማንኛውም ደገማት።

በመስከረም፣ አገሩ ሁሉ ሚሊኒየም ሚሊኒየም እያለ ግድግዳውን ቀለም ሲቀባ፣ አልበሙ በካሴት ወጣ። ሽፋኑ ላይ ዮኒ ጥቁር መነጽር አድርጎ ገደል አፋፍ ላይ ቆሟል። ከጀርባው ደግሞ «ግጥም ዮኒ፣ ዜማ ዮኒ፣ ቅንብር ዮኒ» ይላል። የቤቷ ስም የለም።

ይማርሽ ካሴቱን አገላብጣ አየችው። «ጠጁንስ የጣለው ማነው?» አለች። «እሱም ዮኒ ነው?»

አንድ ነገር ግን ዮኒ ሊያጠፋው አልቻለም። አዲስ አበባ ላይ ድምፁን ያስተካከለው ባለሙያ የደባሱን ጩኸት ሲሰማ ከወንበሩ ተነስቶ «ይቺን የነካ ከኔ ጋር ተጣላ» ብሏል። ስለዚህ «ተቀበል!» የምትለዋ፣ ከነጉሮሮ ጠረጋዋ፣ እንዳለች ቀረች። ያቺን ድምፅ ላስታ ውስጥ የማያውቃት የለም።

ሬዲዮ አልበሙን አላጫወተውም፤ ዮኒ በዚህ ደስ አለው። አንድ ጋዜጣ «ደፋር» ብሎ ጻፈለት፤ ወረቀቷን ቆርጦ እስክትበጣጠስ ድረስ በኪሱ ይዟት ዞረ። የላሊበላ ጎረምሶች ለጥቂት ጊዜ ፀጉራቸውን ማበጠር አቆሙ። ይኸው ነበር የአልበሙ ግርግር፣ ጋሸና እስኪደርስ።

ጋሸና መገንጠያው ላይ ለምሳ የሚቆሙት የጭነት መኪና ሾፌሮች ካሴቱን በየመኪናቸው ያዙት። የሚያጫውቱት ግን እንደ ራሳቸው ነው። ሰንሰለቱን ያልፉታል፣ ጨለማውን ያልፉታል፣ ጊታሩን እየዘለሉ እየዘለሉ «ተቀበል!» የምትለው ቦታ ላይ ሲደርሱ ድምፁን እስከ ጥግ ይለቁታል። ስታልቅ ወደ ኋላ ያጠነጥኗታል። ምግብ ቤቶቹ ካሴቱን እንደዚሁ አጫወቱት። ዮኒ ዕድሜውን የጨረሰበት አልበም ጋሸና ላይ የሁለት ስንኝ አልበም ሆነ፤ ሁለቱም ስንኝ የሱ አልነበሩም።

ወሬው ደባሱ ጆሮ ሲገባ አረሙን ጥሎ ጋሸና ሄደ። ሄዶም ሳምንቱን ሙሉ አልተመለሰ፤ ከአንዱ ምግብ ቤት ወደ አንዱ እየዞረ ካሴቱ «ተቀበል!» ላይ ሲደርስ ብድግ ይልና «እኔ ነኝ!» ይላል። የማያምነው ሾፌር ካለ እዚያው ቆሞ ያስጮኽለታል። ሾፌሮቹ ጥሬ ሥጋ ያስቆርጡለታል፣ ቢራ ያስከፍቱለታል። ሸጌ ሆዷ ገፍቶ ብቻዋን አረሙን ስትነቅል፣ ባሏ መንገድ ዳር ለማያውቃቸው ሰዎች ራሱን ያስተዋውቃል።

«አፍህን ያዝ» አለችው ይማርሽ በቀጣዩ ቅዳሜ።

«እታለም፣ ከወልድያ እስከ ደብረ ታቦር ተሰማሁ እኮ!»

«የሰማህ ሁሉ ወዳጅህ ነው?»

«የሳቀ ሰው ምን ያደርገኛል?»

«አንተ ጅል፣ የሳቀውን አይደለም የምልህ። የተሳቀበትን ነው።»

የተሳቀባቸው ብዙ አልቆዩም። ኅዳር ላይ የወረዳው ካድሬ ብልባላ ገበሬውን ሰብስቦ ስለ ልማት ሊናገር ቆመና ገና «የተከበራችሁ…» ሲል ከኋላ አንዱ «የእኛ ማሳ አረም!» ብሎ ጮኸ። ከወዲያ ማዶ ደግሞ ሃምሳ ሰው በአንድ አፍ «የነሱ ሆድ ጋራ!» ብሎ መለሰ። ካድሬው በእውነትም ሆዱ ገፋ ያለ ሰው ነበር። እጁን ሆዱ ላይ አደረገ፤ ያቺ ነች የጨረሰችው። ስብሰባው በሳቅ ተበተነ።

ዮኒ ይህን እንደሰማ ቦርሳውን አሰናዳ። ጥርስ ብሩሽ፣ ፎጣ፣ ወፍራም ሹራብ። እንግዳ ማረፊያው ውስጥ ላገኛቸው ፈረንጆች ሁሉ «ዛሬ ወይም ነገ ይወስዱኛል» ብሎ ነገራቸው፤ አንዷ አልቅሳለታለች። ቅዳሜ ጠዋት ፖሊሶቹ መንገዱን ይዘው ሲወርዱ ጃኬቱን ለብሶ፣ ቦርሳውን አንግቶ በሩ ላይ ቆመ። ፖሊሶቹ «ደህና አደርክ ዮኒ?» ብለው አለፉት። ገበያ ገብተው ደባሱን ከአህያው ጎን ያዙት።

ዮኒስ ብሎ የጠየቀ ነበር። የጸጥታው ኃላፊ አቶ አረጋ የመለሰው ማንም የላስታ ሰው የሚመልሰውን ነው። «እሱ ምን አጠፋ? ተቀባይ ነው።»

ይማርሽ አላለቀሰችም። ምግብ ይዛ ወደታሰረበት የቆርቆሮ ቤት ሄዳ፣ በበሩ ቀዳዳ እያቀበለች «አልሰጠሁም በል» አለችው። «ድምፁ የኔ አይደለም በል። ሰማኸኝ?»

«የኔ አይደለችም ልበል?» አለ ደባሱ። ልጅህን ካድ የተባለ ሰው ድምፅ ነበር።

«የኔ አይደለችም በል! ሸጌን አስብ።»

ደባሱም እየጎመዘዘው ካደ። ከዚያም አቶ አረጋ ለይማርሽ ነገሩን አስረዳት፤ ከበላይ የመጣው ትእዛዝ «የግጥሙ ባለቤት ተረጋግጦ ወልድያ ይላክ» የሚል ነው። ሰኞ መኪና ይመጣል። በዚያን ጊዜ ወልድያ ተልኮ ቶሎ የተመለሰ ሰው ይማርሽ አታውቅም፤ ከምርጫው በኋላ ከሄዱት መሐል የጎረቤቷ የአባስ ልጅ ገና አልመጣም። ገብሱ ደግሞ ደርሷል፣ ሸጌም ደርሳለች። ወንድሟ ያን መኪና እንዳይሳፈር አንድ ሰው «ግጥሙ የኔ ነው» ማለት አለበት። ያንንም አስቀድሞ አሳትሞ የሸጠ ሰው አለ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዮኒ ቤት ገባች። ቦርሳው አሁንም በሩ ሥር ተቀምጧል።

«ቃሉ የማን ነው?» አለችው ሳትቀመጥ።

«የሕዝብ ነው እትዬ ይማርሽ።»

«ካሴቱ ላይ የሕዝብ ነው ብለህ ነው የጻፍከው?»

ዮኒ መነጽሩን ፈለገ። ቤት ውስጥ ነበር፣ ፀሐይም አልነበረም፣ ግን ፈለገው።

«ሌላ ምንም አልጠየቅሁህም» አለች ይማርሽ። «የጻፍከውን በአፍህ ድገመው። ቃሉም የኔ፣ ድምፁም የኔ በል። ይወስዱኛል ስትል አልነበር? ይኸው።»

«ያስሩኛል ብለው ያስባሉ?» አላት። ፍርሃት ይሁን ተስፋ ከድምፁ አልለየችውም።

«ደህና አድርገህ ከተናገርክ ያስሩሃል።»

የዮኒ ዓይን በራ። ንጋት ካሜራ አለው፣ ልጥራው ይፍቀዱልኝ አላት፤ ሲያስገቡት ፎቶ መነሳት አለበት። ይማርሽ ፎቶግራፍ አንሺ ቀርቶ ቄስም ይዘህ ና አለችው።

ሰኞ ጠዋት የጽሕፈት ቤቱ ግቢ ጉዳይ ባለው ሰው ተሞልቶ ነበር። ደባሱ የታሰረበት የቆርቆሮ ቤት ከግቢው ጥግ ነው፤ ከአረጋ መስኮት ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። መኪናው ገና አልመጣም። አረጋ ወንበሩን ወደ ፀሐይ አስወጥቶ ተቀምጧል። የሙጃ ሰው ነው፤ ከመሾሙ በፊት ይማርሽ ቤት ጥግ ይዞ የሚጠጣ፣ ሌላው ግጥም ሲሰጥ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የሚያጠና፣ ራሱ ግን አንድ ቀን እንኳ ደፍሮ ያልሰጠ። ያኔ «አንተ» ነበር የምትለው። አሁን አንቱ ትለዋለች፤ ንቀቷን የምታስቀምጥበት ሌላ ቦታ አጥታ አንቱታው ውስጥ ከተተችው። ከናቀቻቸው ሰዎች ሁሉ አብልጣ የናቀችው እሱን ነበር፤ የተሳሳተችውም በእሱ ነው።

«አቶ አረጋ፣ ባለቤቱን አምጥቼልዎታለሁ» አለች።

ዮኒ ወደ ፊት ወጣ። ንጋት አጥሩ ጋ ካሜራውን ደቀነ። ዮኒ አጥንቶ የመጣውን ተናገረ፤ ቃሉ የኔ ነው፣ ድምፁም ድምፄን ለውጬ ያወጣሁት የራሴ ነው፣ የሚመጣውን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ፣ ታሪክ ይፈርዳል። ይማርሽ ከነመነጽሩም ቢሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ልትወደው ምንም አልቀራትም።

አረጋ አልተቆጣም። «ደባሱ አልሰጠም እንግዲህ?» አለ።

«አልሰጠም።»

«ገጣሚው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«በጣም ጥሩ። እኔም አንዲት ስንኝ አለችኝ፣ ቤት የሚመታልኝ አጥቼ ከትናንት ጀምሮ ታበግነኛለች። አንተ ምታልኝና ደባሱ አሁኑኑ ይውጣ፣ አንተም በቦታው ግባ።» ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ቀረብ ቀረብ አለ። አረጋ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያ ሰውዬ ታስሮ ወይኒ ቤት አደረ፤»

ዮኒ መነጽሩን አወለቀ። «አንዴ ይድገሙልኝ?» አለ። ተደገመለት። ሰማይ ሰማይ አየ። ጊታሬን ላምጣ ብሎ ጠየቀ፤ አረጋ ግድ የለም አለው። ግንባሩ በላብ ራሰ፤ ከንፈሩ ሰንሰለት ሰንሰለት ሲል ታየ፣ ግን ሰንሰለት ቤት አይመታም። በመጨረሻ እንዲህ አለ፤

«ታስሮም እዚያው ሆኖ በጣም ተቸገረ።»

በር ላይ የቆመው ፖሊስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እውነት ነው» አለ አረጋ በርኅራኄ። «የታሰረ ሰው ይቸገራል።»

ከዚያም ያችኑ ስንኝ እንደገና አላት፤ ግን ዮኒን አላየም። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ቆርቆሮው ቤት መልሶ፣ «ያ ሰውዬ ታስሮ ወይኒ ቤት አደረ» አለና እንደ አዝማሪ ዝም ብሎ ጠበቀ።

ያኔ ይማርሽ ገባት። ደባሱን ታውቀዋለች፤ ምግብ ቢነሱት ይችላል፣ ቢገርፉት ይችላል፣ ግማሽ ግጥም አየር ላይ ተንጠልጥላ መስማት ግን አይችልም። ዝም በል ብላ እንዳትጮህ ስሙን መጥራቷ ራሱ ማጋለጥ ነው። ስለዚህ አፏ ያመጣላትን ሁሉ ታወራ ጀመር። «አቶ አረጋ፣ ሸጌ ወሯ ገብቷል፤ አቶ አረጋ፣ ገብሱ ሊረግፍ ነው፤ ኧረ በቅዱስ ላሊበላ ይዤዎታለሁ፤ ዝናብ ቢመጣስ…» ትንፋሿ እስኪያጥራት ጮኸች። አረጋ እጁን አነሳ። ትንፋሽ ልትወስድ ቆም ባለችበት ቅጽበት፣ ከቆርቆሮው ውስጥ ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ።

«ቃሉ ግን ጋሸና በመኪና ዞረ!»

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ጉዳይ ያለውም ፖሊሱም፣ ጸሐፊዋም በመስኮት። ዮኒም ሳቀ፤ ንጋት ያነሳው ፎቶ ላይ አፉን ከፍቶ ሲስቅ ይታያል። ይማርሽም ሳቀች፣ ግጥሟ ጥሩ ነበረችና፤ ሳቁ ሳያልቅ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ደባሱ ደግሞ ሳቁን ሰማ። ሳቅ ሰምቶ መቼ ያቆማል?

«ተቀበል!» አለ ከውስጥ ቆርቆሮውን እየደበደበ።

«ቁልፉማ ካንተ ነው፣ በሩን ዝጋው ደህና፣
አፌንም ልትዘጋ ወንድ ከሆንክ እስቲ ና!»

አረጋ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። የውሸት ሳቅ አልነበረም፤ ያን ያህል ዓመት ጥግ ይዞ ሲያጠና የኖረ ሰው ጥሩ ግጥም ያውቃል። ከዚያ ዓይኑን በመሐረብ ጠርጎ «ባለቤቱ ተረጋግጧል ብለሽ ጻፊ» አለ ለጸሐፊዋ። ለዮኒ ደግሞ «ሂድ ወንድሜ፣ ቱሪስት ይጠብቅሃል» አለው። ዮኒ ቦርሳውን አንግቶ ሄደ።

ይማርሽ ወደ ቆርቆሮው ቤት ሄደች። የደባሱ ዓይን በቀዳዳው ውስጥ ያበራል።

«እታለም! ሰማሽ? ብዙ ሰው ነበር?»

«ግቢው ሙሉ ነበር።»

«አረጋስ ሳቀ?»

«ሳቀ።»

«ሳቀ!» አለ። «የሙጃው አረጋ!»

ምራቋን ልትተፋበት ፈለገች። አዝላው ያደገ ፊት ስለሆነ ዋጠችው። አንተ ደንቆሮ፣ አንተ ከንቱ፣ ለሳቅ ብለህ ራስህን ሸጥክ ልትለው አፏን ከፈተችና ከሩቅ የመኪና ድምፅ ሰማች። እሱም ሰማ።

«ሸጌን ምን ልበላት?» አለችው።

ደባሱ ጣቱን በቀዳዳው አውጥቶ የነጠላዋን ጫፍ ያዘ። ያ ሁሉ ድምፁ ሟሙቶ «ግጥሟን ንገሪያት» አላት። «በደንብ አድርገሽ ከነገርሻት ትስቃለች።»

በማግስቱ ይማርሽ ቤቷን ዘግታ ብልባላ ሄደች። መንገዱን ሁሉ አረጋን ሰደበች፣ ዮኒን ሰደበች፣ ወንድሟን ሰደበች፤ ስድቡ ከማለቁ በፊት መንገዱ አለቀ። ሸጌ ማሳው መሐል ብቻዋን፣ አንዳንዴ ወገቧን በእጇ እየደገፈች ታጭዳለች። ይማርሽን ስታይ ቀና አለችና ከኋላዋ ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ መንገዱን አየች።

«እሱስ?» አለቻት።

ይማርሽ ግጥሟን ልትነግራት ሞከረች። የመጀመሪያዋን ስንኝ አለች። ሁለተኛዋ ግን አልወጣ አላት፤ ማጭዱን ከሸጌ እጅ ወስዳ ጎንበስ አለችና ገብሱን ታጭድ ጀመር።